23 ወይስ 17? የክሮሞሶም ቁጥር እንዴት ነው የሚለወጠው?

ፌንጣ_ቆጣሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ የከረምኩበትን ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ሥራዬ የወንድ ፌንጣ የዘር ፍሬ ቀለም አስነክሮ፣ በመስታወት ጨፍልቆ ክሮሞሶም መቁጠር ነው። የመጀመሪያውን ዝርያ ቆጠርኩ፤ 23 ሆነ። ተሳስቼ ነው ብዬ ሌላ ሴል ፈለግኩ፤ እሱም 23። ሦስተኛውም 23። ክሮሞሶም በጥንድ በጥንድ ነው የሚመጣው ተብለን አይደል የተማርነው? ታዲያ ጎዶሎ ቁጥር ከየት መጣ?

ቀጥዬ የቅርብ ዘመዱ የሆነ ሌላ ዝርያ አነሳሁ። እሱ ደግሞ 17 ሆኖ አረፈው! ሁለቱን ፌንጣዎች ጎን ለጎን ብታዩዋቸው ያን ያህል አይለያዩም። 6 ክሮሞሶም የት ገባ? ጠፍቶ ከሆነ ፌንጣው እንዴት በሕይወት ኖረ?

ከዚህ ሁሉ በላይ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ቁጥሩ መጀመሪያ የተለወጠበት ፌንጣ አንድ ብቻ ነበር። በዙሪያው ያሉት በሙሉ የድሮውን ቁጥር የያዙ ናቸው። ታዲያ ከማን ጋር ተራብቶ ነው አዲሱን ቁጥር ያወረሰው?

የድሮ_መምህር፦

ልጄ፣ ቆጠራህ ትክክል ነው። ስላይዶቹን እንዳትጥላቸው።

ከጎዶሎው እንጀምር። በብዙ የፌንጣ ዝርያዎች ወንዱ ዋይ የሚባል ክሮሞሶም የለውም። ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ነው። ሴቷ ሁለት ኤክስ አላት። ስለዚህ ወንዱ 22 ሲደመር 1 ይሆናል፣ ሴቷ ደግሞ 24። በሚዮሲስ (የዘር ሴል በሚሠራበት ክፍፍል) ላይ ያለ ሴል ካገኘህ 11 ጥንድና ብቻውን የቆመ አንድ ታያለህ። ያ ብቸኛው ኤክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ሄንኪንግ የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ በሌላ ነፍሳት ላይ ይህን ብቸኛ ነገር አይቶ፣ ምንነቱ ስላልገባው ነው ‹ኤክስ› ያለው። ስሙ እንደዚያው ቀረ። ነገሩ ከጾታ ጋር እንደሚያያዝ ማክለንግ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ሐሳብ ያቀረበው በ1902 ነው። እሱም ያየው የአንተኑ ዓይነት ፌንጣ ነበር። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ወደ 17ቱ ስንመጣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቁጥሩን ቆጥረሃል፤ ቅርጹንስ አይተሃል? ወደ ስላይዱ ተመለስና ስንቱ እንደ በትር ቀጥ ያለ እንደሆነ፣ ስንቱ መሐሉ ላይ ታጥፎ ሁለት ክንድ እንደዘረጋ ለይተህ ጻፍልኝ።

ፌንጣ_ቆጣሪ፦

መምህር፣ አሁን አይቼ መጣሁ። 23 ባለው ዝርያ ሁሉም በትር ናቸው። 17 ባለው ግን 6 ትልልቅ ሁለት ክንድ ያላቸው አሉ፤ ማለትም 3 ጥንድ። የቀሩት 11 በትር ናቸው።

የድሮ_መምህር፦

በል እንግዲህ ክሮሞሶሙን ትተህ ክንዶቹን ቁጠር። 6ቱ ባለ ሁለት ክንድ ናቸው፤ 12 ክንድ። 11 በትር ደግሞ 11 ክንድ። 12 እና 11 ስንት ነው?

ፌንጣ_ቆጣሪ፦

23! አልጠፋማ! ሁለት ሁለት በትር ተጋጥሞ አንድ ሆኗል ማለት ነው!

የድሮ_መምህር፦

በቃ እሱ ነው። ሮበርትሰን የሚባል ተመራማሪ በ1916 ፌንጣዎችን ሲያጠና ያስተዋለው ይህንኑ ነው። መጋጠሙ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሁለት በትር ክሮሞሶሞች በሴንትሮሜራቸው (ሴል ሲከፈል ክሮሞሶሙ ተይዞ በሚጎተትበት ቦታ) በኩል ይገናኙና አንድ ባለ ሁለት ክንድ ይሆናሉ። ጂኖቹ አሉ፤ ቁጥሩ ብቻ ቀነሰ። መጋጠም በእኛም ውስጥ አለ። ቺምፓንዚ 48 አለው፣ እኛ 46። የእኛ ሁለተኛ ክሮሞሶም ጫፍ ለጫፍ የተጋጠመ ነው፤ ጫፍ ላይ መገኘት የነበረበት ቅደም ተከተል መሐሉ ላይ ተቀብሮ ይገኛል።

ጀማሪ_ተማሪ፦

ይቅርታ መሐል ገባሁ። እኔ የተማርኩት ክሮሞሶም የበዛለት ፍጡር የተራቀቀ ነው ብለው ነበር። ቁጥር መቀነስ ወደ ኋላ መመለስ አይደለም?

ክንፈ_ቢራቢሮ፦

አይደለም፤ ይህን ነገር ከሥሩ ብንነቅለው ደስ ይለኛል። አንድ ኩንታል እህል በአንድ ጆንያ ይያዛል፣ በ10 ከረጢትም ይያዛል። እህሉ ያው ነው። የክሮሞሶም ቁጥር የከረጢቱ ቁጥር ነው።

ምሳሌ ልስጥህ። አውስትራሊያ ውስጥ ሚርሜሲያ ክሮስላንዲ የሚባል ጉንዳን አለ። ሠራተኛዋ 2 ክሮሞሶም አላት። አንድ ጥንድ፣ አለቀ። በጉንዳን ወንዱ ካልዳበረ እንቁላል ስለሚፈለፈል አንድ ክሮሞሶም ብቻ ይዞ ይኖራል። ከአንድ በታች መውረድ አይቻልም። የዚህን ጉንዳን ቁጥር በ1986 ነው ዓለም ያወቀው። ዲኖፖኔራ ሉሲዳ የምትባል ሌላ ጉንዳን ደግሞ እስከ 120 ትደርሳለች። ሁለቱም ጉንዳን ናቸው፤ ሁለቱም ጎጆ ይሠራሉ፣ ያድናሉ፣ ልጆቻቸውን ይመግባሉ።

ከዕፅዋት ብትወስድ ኦፊዮግሎሰም ሬቲኩላተም የሚባል ትንሽ ፈርን ከ1,200 በላይ ክሮሞሶም አለው። አንድ ቅጠልና አንድ የዘር ዘንግ ያላት ምስኪን ተክል ናት። በቁጥር ግን ከሰው 25 እጥፍ ትበልጣለች።

ፌንጣ_ቆጣሪ፦

ክሮሞሶሙ አለመጥፋቱ ገብቶኛል። አሁን ሁለተኛው ጥያቄዬ ይመለስልኝ። የመጀመሪያው የተጋጠመበት ፌንጣ ከማን ጋር ተራባ?

የድሮ_መምህር፦

ከጎረቤቱ ጋር። እንደምታስበው ከባድ አይደለም።

ከአባት አንድ የተጋጠመ፣ ከእናት ሁለት ያልተጋጠሙ በትሮች የወረሰ ልጅ አስብ። በሚዮሲስ ጊዜ ጥንዶች ይፈላለጋሉ። ባለ ሁለት ክንዱ መሐል ይሆናል፤ አንዱ በትር ከአንዱ ክንድ ጋር፣ ሌላው በትር ከሌላው ክንድ ጋር ይተኛል። ሦስቱ አንድ ላይ ተያይዘው ይቆማሉ። ከዚያ የሚጎትቱት ክሮች ይመጣሉ። ባለ ሁለት ክንዱ ወደ አንድ ጎን፣ ሁለቱ በትሮች ወደ ሌላው ጎን ከሄዱ ሁለቱም የዘር ሴሎች ሙሉ ናቸው። ምንም አልጎደለም። አንዱ በትር ተሳስቶ ከባለ ሁለት ክንዱ ጋር ከሄደ ግን አንዱ ጎን ይተርፈዋል፣ ሌላው ይጎድለዋል፤ ፅንሱም አይዘልቅም።

ስለዚህ ጥያቄው ‹ይቻላል ወይ?› ሳይሆን ‹ስህተቱ ስንት ጊዜ ይከሰታል?› ነው። አቀማመጡ ጥሩ ከሆነ ኪሳራው ትንሽ ነው። ከዚያ ትንሽ ሕዝብ ያስፈልጋል። ከሌላው ተነጥሎ በሚኖር ትንሽ መንጋ ውስጥ አንድ ያልተለመደ ክሮሞሶም በአጋጣሚ ብቻ ተባዝቶ ሁሉም ጋር ሊዳረስ ይችላል። ሁለት የተጋጠመ ያላቸው ሲገናኙ ደግሞ ልጃቸው በሁለቱም በኩል የተጋጠመ ይወርሳል። ያኔ ችግሩ ጨርሶ የለም። አንተ ያየኸው ዝርያ ይህን ሦስት ጊዜ አልፎታል።

አድልዎም አለ። ሴቷ ውስጥ ሚዮሲስ አራት ሴል ሠርቶ አንዱን ብቻ እንቁላል ያደርጋል፤ የቀሩት ይጣላሉ። ወደ እንቁላሉ በኩል የመሄድ ዝንባሌ ያለው ክሮሞሶም ለእንስሳው ምንም ሳይጠቅም ሊስፋፋ ይችላል። እኔ በበኩሌ ከጥቅም ይልቅ ይህን መሰሉ ነገር ብዙ ቁጥሮችን እንደለወጠ አምናለሁ።

ሥር_ጫፍ፦

የነፍሳት ሰዎች፣ ዕፅዋትንም አስታውሱ እንጂ! እናንተ አንድ በአንድ ስትጋጠሙ ዕፅዋት በአንድ ሌሊት የክሮሞሶም ቁጥራቸው እጥፍ ይሆናል።

ጆርጂ ካርፔቼንኮ የሚባል የሶቪየት ሳይንቲስት በ1920ዎቹ ፍጅልን ከጥቅል ጎመን ጋር አዳቀለ። ሁለቱም 18 ክሮሞሶም አላቸው። ድቅሉ ከአንዱ 9፣ ከሌላው 9 ወረሰ። ድምሩ 18 ነው፤ ነገር ግን የፍጅሉ ክሮሞሶምና የጎመኑ አይተዋወቁም። በሚዮሲስ ጊዜ ሁሉም ጥንድ አጥቶ ይበተናል። ተክሉ ያብባል፣ ዘር ግን የለውም ለማለት ይቻላል።

ለማለት ይቻላል ያልኩት አንዳንዴ ስለሚያመልጥ ነው። ክፍፍሉ ይሳሳትና 18ቱንም እንደያዘ አንድ የዘር ሴል ያልፋል። እንዲህ ያሉ ሁለት ሴሎች ሲገናኙ 36 ክሮሞሶም ያለው ተክል በቀለ። አሁን እያንዳንዱ የፍጅል ክሮሞሶም የፍጅል ጥንድ አለው፤ የጎመኑም እንዲሁ። ያ መካን ተክል ዘር አፈራ። ከሁለቱም ወላጆቹ ጋር በደንብ የማይዳቀል፣ ለራሱ የቆመ አዲስ ነገር ሆነ። ካርፔቼንኮ በ1941 ተይዞ ተገደለ። ሥራውን ሳነብ ሁሌ ያመኛል።

የፌንጣ_ቆጣሪ ጥያቄ እዚህም ይሠራል፤ ‹ከማን ጋር?› የሚለው። ብዙ ተክሎች መልሳቸው ‹ከራሴ ጋር› ነው። አንድ አበባ ወንዴም ሴቴም ይይዛል። ራሱን ያዳብራል። ያም ባይሆን በሥር፣ በግንድ እየተባዛ ዓመታት ይጠብቃል። ሌላም አለ። እንስሳ የዘር ሴሉን በፅንስነቱ ለይቶ ያስቀምጣል። ተክል ግን አበባውን የሚያወጣው ካደገው ቅርንጫፍ ነው። አንድ ቅርንጫፍ ላይ እጥፍነት ቢከሰት ያ ቅርንጫፍ እጥፍ አበባ ያብባል። በእንግሊዝ ኪው የዕፅዋት ማዕከል ፕሪሙላ ኬዌንሲስ የተባለችው ድቅል 18 ክሮሞሶም ይዛ መካን ሆና ኖረች። ኋላ አንዱ አበባዋ ዘር ሰጠ። የበቀለው ሲቆጠር 36 ነበር።

ይህ የቤተ ሙከራ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የዳቦ ስንዴ 42 ክሮሞሶም አለው። የሦስት ቅድመ አያቶች ድምር ነው፤ 14፣ 14 እና 14። መጀመሪያ ሁለት የዱር ሣሮች ተዋሕደው 28 ያለው ስንዴ ወጣ። ከዚያ ሰው ማረስ ከጀመረ በኋላ ሦስተኛ የዱር ሣር ገባበትና 42 ሆነ። በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ትራጎፖጎን የሚባሉ ከውጭ የገቡ አበባዎች 12 12 ይዘው መጥተው፣ ተዳቅለው፣ 24 ያላቸው ሁለት አዳዲስ ዝርያዎች ወልደዋል። በ1950 ነው የተገለጹት። ወላጆቹ አዲሶቹ በተወለዱበት አካባቢ የተገናኙት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ነው። ዝርያ ሲወለድ የሰው ዕድሜ በማይሞላ ጊዜ ታየ ማለት ነው። እኔን ይህ ነገር አሁንም ያስደንቀኛል።

ጀማሪ_ተማሪ፦

ስለ ብራሲካ (የጎመን ወገን ዕፅዋት) ሦስት ማዕዘን ሰምቼ ነበር። እሱም ከዚህ ጋር ይያያዛል?

ሥር_ጫፍ፦

ራሱ ነው። ሦስት መሠረታዊ ዝርያዎች አሉ። በዘር ሴላቸው ውስጥ ኒግራ 8፣ ኦሌራሲያ 9፣ ራፓ 10 ይይዛሉ። ሌሎች ሦስት ዝርያዎች ደግሞ 17፣ 18 እና 19 አላቸው። አንተው ደምራቸው። 8 እና 9፣ 8 እና 10፣ 9 እና 10። ናጋሃሩ ዩ የሚባል ተመራማሪ ይህን ያሳየው በ1935 ነው፤ ያኔ ዲኤንኤ የሚያነብ መሣሪያ አልነበረም። ማዳቀልና በማይክሮስኮፕ መቁጠር በቃው።

ዝምተኛ_አንባቢ፦

ብዙ ጊዜ አነብባለሁ እንጂ አልጽፍም። እህት ሥር_ጫፍ፣ እጥፍ መሆን ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን ሁሉም ተክል በሺዎች አልደረሰም? ስቴቢንስን የመሰሉ ትልልቅ የዕፅዋት ሳይንቲስቶች እኮ እጥፍነት ለዝግመተ ለውጥ ብዙ አያራምድም፣ መጨረሻው የተዘጋ መንገድ ነው ይሉ ነበር።

ሥር_ጫፍ፦

ጥሩ አድርገህ ያዝከኝ። ስቴቢንስ ያየው እውነት ነው። አዲስ የሚወለዱት እጥፎች አብዛኞቹ ይጠፋሉ። አንድ እጥፍ ተክል በዙሪያው ያሉት ነጠላ ከሆኑ የሚደርሰው የአበባ ዱቄት የማይስማማው ነው። ቢዳቀልም ልጁ ከእያንዳንዱ ክሮሞሶም ሦስት ሦስት (ሦስት እጅ) ይይዛል። ሦስት ደግሞ ለሁለት አይካፈልም። ዘር የሌለው ሐብሐብ እንዲህ ነው የሚሠራው። 11 በሦስት፣ 33።

ነገር ግን የተረፉት ጥቂቶች ምድርን ሞልተዋል። አራቢዶፕሲስ የምትባለው ትንሽ አረም 5 ጥንድ ብቻ ነው ያላት። ጂኖሟ (ጠቅላላ የዘር መረጃዋ) ትንሽ ስለሆነ ነው ለጥናት የተመረጠችው። በ2000 ጂኖሟ ተነቦ ሲያልቅ ውስጧ በድግግሞሽ የተሞላ ሆኖ ተገኘ። እሷም የጥንት እጥፍ ናት! ዛሬ የምናውቀው የአበባ ተክል ሁሉ በታሪኩ ቢያንስ አንድ ጊዜ በእጥፍነት አልፏል።

ለምን በሺዎች አልደረሱም ላልከው፣ እጥፍ ከሆኑ በኋላ ይመለሳሉ። የማያስፈልገው ትርፍ ጂን ይወድቃል። ክሮሞሶሞች እንደ ፌንጣው ይጋጠማሉ። የአራቢዶፕሲስ የቅርብ ዘመድ 8 ጥንድ አለው፤ እሷ ከ8 ወደ 5 ወረደች። በሣሮች ደግሞ አንዱ ክሮሞሶም እንዳለ ተነሥቶ በሌላው መሐል ይሰካል። ሩዝ 12 ጥንድ ነው፣ ብራኪፖዲየም የሚባለው ሣር 5። በቆሎ 10 ጥንድ ብቻ ይዞ ስታየው እጥፍ አይመስልም፤ እሱም በአንድ ወቅት እጥፍ ሆኖ ነው የተመለሰው። ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ይህን ታሪክ አያይም።

ፌንጣ_ቆጣሪ፦

ታዲያ ፌንጣዬ ለምን እጥፍ አልሆነም?

የድሮ_መምህር፦

መለር የሚባል የዘር ውርስ ተመራማሪ በ1925 ያነሳው ጥያቄ ነው። የጾታ ክሮሞሶም ያላቸው እንስሳት ሲታጠፉ የኤክስና የሌሎቹ ሚዛን ይዛባል አለ። በዚያ ላይ ነፍሳት ራሳቸውን አያዳብሩም፤ እጥፏ ሴት እጥፍ ወንድ ማግኘት አለባት። ማስረጃው ደግሞ ያምራል። በነፍሳት ዘንድ እጥፍነት ከተገኘ ብዙውን ጊዜ ወንድ የማያስፈልጋቸው ጋ ነው። ያለ ወንድ የሚራቡ ነቀዞች አሉ፤ ብዙዎቹ ሦስት እጅ ናቸው። መነሻ ቁጥራቸው 11 ስለሆነ 33 ይመጣል። የሐብሐቡና የነቀዙ ቁጥር መግጠሙ አጋጣሚ ነው። ሁለቱም በተለመደው ሚዮሲስ ሳይመኩ ነው የኖሩት፤ ሐብሐቡ በሰው እጅ፣ ነቀዙ ያለ ወንድ።

ክንፈ_ቢራቢሮ፦

አሁን የእኔን ተወዳጆች ላምጣ።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ሴንትሮሜር አንድ ቦታ ላይ ነው በሚል ነው። ክሮሞሶም ቢሰበር ሴንትሮሜር የሌለው ቁራጭ የሚጎትተው ስለሌለ ይጠፋል። በቢራቢሮና በእሳት እራት፣ በክሽክሽ፣ እንዲሁም በካሬክስና በሉዙላ ዕፅዋት ግን እንዲህ አይደለም። የሚጎትቱት ክሮች በክሮሞሶሙ ርዝመት ሁሉ ላይ ይይዛሉ። ብትሰብረው ሁለቱም ቁራጭ ይጎተታል። ሂውዝ-ሽሬደርና ሪስ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1941 ክሮሞሶምን በጨረር ሰባብረው ቁርጥራጮቹ ከክፍፍል ክፍፍል ሲያልፉ አሳይተዋል።

ሰሜን አፍሪካ ውስጥ አትላስ ተራሮች ላይ የምትኖር ፖሊዮማተስ አትላንቲከስ የምትባል ትንሽ ሰማያዊ ቢራቢሮ አለች። 229 ጥንድ አላት! ዘመዶቿ 24 ጥንድ ገደማ ናቸው። እሷ እጥፍ አልሆነችም፤ ተቆራረጠች። ያውም በ3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ። የጾታ ክሮሞሶሞቿ ብቻ ከመቆራረጡ ተርፈዋል።

ሌላዋ ሌፕቲዲያ ሲናፒስ ነች፤ ነጭ ቢራቢሮ። ስፔን ላይ፣ በጥንድ ሳይሆን አንድ በአንድ ሲቆጠር፣ 106 ነች። ወደ ምሥራቅ ስትሄድ ቁጥሯ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ካዛክስታን ላይ 56 ይሆናል። አንድ ዝርያ ነው የምላችሁ! ሁለቱን ጫፎች አዳቅለዋቸው ወለዱ። በሁለተኛው ትውልድ የሚሞተው ይበዛል፤ ዘሩ ግን አይቋረጥም። ስለዚህ ‹ቁጥር ከተለየ ዝርያ ተለየ› ማለት ሁልጊዜ አያስኬድም።

ዝምተኛ_አንባቢ፦

እንዲህ መቆራረጥ ቀላል ከሆነላቸው ሁሉም ቢራቢሮ የተዘበራረቀ ቁጥር ሊኖረው ይገባ ነበር።

ክንፈ_ቢራቢሮ፦

አለመዘበራረቁ ነው የሚገርመው! በ2024 ከ200 በላይ የቢራቢሮና የእሳት እራት ጂኖሞች ተነጻጽረው ነበር። ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ የተጓዙ 32 የጥንት ክፍሎች ተገኙ። ለነፍሳት ሥዕል ሕይወቷን ለሰጠችው ለማሪያ ሲቢላ ሜሪያን መታሰቢያ በስሟ ተጠሩ። አብዛኛው ቢራቢሮ ዛሬም 31 ጥንድ አካባቢ ነው። መሰበር ስለተቻለ ብቻ ሁሉም አይሰበርም፤ ሚዮሲስ ትንሽም ብትሆን ዋጋ ታስከፍላለች። ፖሊዮማተስን የመሰሉ ጥቂቶች ግን ከዚህ አምልጠዋል። እኔ የምሠራው እነሱ ላይ ነው።

ፌንጣ_ቆጣሪ፦

ከአምስት ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። መምህር ሴቷ 24 ናት ስላሉ እሷንም ልቁጠር ብዬ ነበር። ወንዱ ላይ የለመድኩት የዘር ፍሬ ስለሌላት ከአንጀቷ ከረጢት ሴል ወስጄ፣ ክፍፍሉን ኮልቺሲን በሚባል ኬሚካል አስቁሜ ሞከርኩ። ሁለቱ ስላይድ ተበላሸ። በሦስተኛው አንድ ጥርት ያለ ሴል አገኘሁ።

24።

17 ያለውን ዝርያ ሴትም ሠራሁ፤ 18 ወጣ። ክንዶቹን ስቆጥር 24። ከ17ቱ ወንዶች መሐል ደግሞ አንዱ ላይ 18 የቆጠርኩ መሰለኝ፤ ባለ ሁለት ክንዱ 5 ነው፣ በትሩ 13። ስህተት ነው ብዬ ልተወው ነበር። ግን ክንዱ አሁንም 23 መጣ።

የድሮ_መምህር፦

እንዳትተወው! በአንዱ በኩል የተጋጠመ፣ በሌላው በኩል ያልተጋጠመ የወረሰ ፌንጣ ሊሆን ይችላል። ‹ከማን ጋር ተራባ?› ብለህ የጠየቅህለት ዓይነት ማለት ነው። ከዚያው እንስሳ በሚዮሲስ ላይ ያለ ሴል ፈልግና ሦስቱ ተያይዘው መቆማቸውን እይ። ፎቶውን እዚሁ ለጥፍልን።